ዳኘው በሬ የሚጠራበት ድምፅ

ካሰች የአክስቴ ልጅ ናት። ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ ቤት ተከራይተን አብረን ኖረናል። እኔ ጠላ እየጠመቅሁ እሸጥ ነበር፤ እሷ ከወይዘሮ ሸጋዬ ጠጅ ቤት ትቀዳ ነበር። ኋላ አዲስ አበባ ሄዳ በቴሌቪዥን እየቆመች ስታስቅ ብዙ ሰው አይቷታል ይባላል። እኛ አገር ያኔ ቴሌቪዥን ስላልነበረ የገዛ ዘመዶቿ አላየናትም። እኔ የምናገረው እንግዲህ ከወዲህ ስለሆነው ነው፤ ስለ እማሆይ ወለተ ሐና ማሳና ስለ ሁለቱ በሬዎች።

የተወለደችው ከቡሬ ወደ ቆላው ሲወረድ ካለ አንድ አጥቢያ ነው። ገና ልጅ ሳለች የሰው ድምፅ ይጋባባት ነበር፤ እኛን ጉንፋን እንደሚጋባብን ማለት ነው። ቄሱ ቀድሰው ሲወጡ የሚስሉትን ሳል እሷ ቀድማ ትስልላቸዋለች። በዚህ ተገርፋለች። ካገባች በኋላ ደግሞ የአማቷን አነጋገር እያስመሰለች ባሏን ስታስቀው ከረመች። ባሏ መሬት ላይ እየተንከባለለ ይስቅ ነበር አሉ። አማቷ ለካ አንድ ቀን ከደጅ ቆመው ይሰማሉ። ገቡና፣ "በይ ልጀ፣ ሁለት እኔ ከአንድ ቤት አይኖርም። ወይ አንችው ውጭ፣ ወይ እኔ ልውጣ" አሏት። እሷ ወጣች። ፍኖተ ሰላም የመጣችው በዚያ ምክንያት ነው።

ጠጅ ቤት መጀመሪያ ያሳቀችው ሳታስበው ነው። የገበያ ቀን ነበር። አዝማሪው ሊያርፍ ማሲንቆውን ሲሰቅል፣ ካሰች ብርሌ እንደያዘች የአንዱን እህል ነጋዴ አካሄድና አነጋገር አመጣችው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። "ድገሚ!" አሏት፤ ደገመች። ከዚያ ወዲያ በገበያ ቀን ቤቱ የሚሞላው ለእሷ ሆነ። አንዱ ሞቅ ያለው ሰው፣

"አዝማሪ ነሽ አሉ፤ ማሲንቆሽ የታል?" አላት።

"ርቦኝ በላሁት" አለች።

"ታዲያ በምን ልትዘፍኝ ነው?"

"አልዘፍንም። እኔ ቆሜ አወራለሁ፣ አንተ ትስቃለህ፣ ሚስትህ ከቤት ታለቅሳለች።"

ሐሜቱ ግን አልቀረላትም። "ሴት ልጅ እንደ ወንድ ከሰው ፊት ቆማ አፏን ትከፍታለች? ዋልጌ!" ይሏታል። እንዲህ የሚሉት ሰዎች ራሳቸው ቀድመው መጥተው ከፊተኛው መደብ የሚቀመጡት ነበሩ። ወይዘሮ ሸጋዬም መጀመሪያ ላይ ተቆጥተው ነበር፤ ጋኑ ቶሎ ቶሎ ሲጎድል ግን ዝም አሉ።

ከምታስመስላቸው ሁሉ ሰው የሚወድላት ዳኘውን ነው። ዳኘው የእኛው አጥቢያ ገበሬ፣ የእማሆይ ወለተ ሐና አንድ ልጅ ነው። ትዳር አልበረከተለትም፤ ከእናቱ ጋር ነበር የሚኖር። ወይኖና ዳልቻ የሚባሉ ሁለት በሬዎች ነበሩት። ከሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ ዝም የሚል ሰው ነው። እርፍ ሲጨብጥ ግን ሌላ ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ ከበሬዎቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል። ድምፁ ሲጀምር ወፍራም ነው፣ ወደ መጨረሻው እንደ ዋሽንት ይቀጥናል። እናቱም ሲናገሩ እንዲያው ናቸው።

ካሰች ዱካ ላይ ትወጣና፣ ጋቢዋን እንደ ወንድ አሸርጣ፣ በዚያ ድምፅ ትጀምራለች።

"ና ወይኖ! ወይኖ ጌታየ! ምነው ዛሬ ፊትህን አዞርህብኝ? የትናንቱን ይዘህ ነው? እኔ እኮ የሰደብሁት ዳልቻን ነው!" ጎንበስ ትልና ለሌላው በሬ በጆሮው፣ "ዳልቻ፣ አትስማኝ። እንዲህ ካላልሁት አይሄድልኝም። አንተማ የእኔ ነህ። እሱ እኮ ቀንበሩን ላንተ ጥሎ ባዶውን ነው የሚሄድ።" ቀና ትልና፣ "ወይኖ! ምንም አላልሁትም! ስለ ዝናቡ ነው የምናወራ!"

እንዲህ ስታስታርቅ፣ ስታዋሽክ፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ይቆሙባታል። ያን ጊዜ እርፉን ወርውራ፣ "እሽ! እኔ ልሳብ፣ እናንተ ጨብጡ!" ስትል ከመደቡ የማይወድቅ ሰው አልነበረም።

ዳኘው ገበያ ሲመጣ ከጥግ ተቀምጦ ያያታል። እንባው እስኪወርድ ይስቃል። አንድ ቀን፣

"ካሰች፣ እኔን እየሸጥሽ ትኖሪያለሽ። ለእኔ አንድ ብርሌ እንኳ አይገባኝም?" አላት።

"አያ ዳኘው፣ አንተን መች ሸጥሁ? ወይኖን ነው እንጅ። ወይኖ ሲመጣ እቀዳለታለሁ።"

"ወይኖ ቢሰማሽማ እኔን መስለሽው ይነሣልሽ ነበር" አለና ሳቀ። "አንድ ቀን ማሳ ድረስ መጥተሽ ሁለታችን እንጥራው። የማንን ይሰማ እንደሆን እናያለን።"

እንዲያው ቀልድ ነበር።

ለጥምቀት ሰሞን ከአዲስ አበባ፣ ከቴሌቪዥን ቤት የተላከ ሰው መጣ። አቶ ክንፈሚካኤል ይባላል። ከየአገሩ ጨዋታ አዋቂ ይመርጥ ነበር። ጠጅ ቤት ገብቶ የበሬውን ጨዋታ አየ፤ ሲስቅ መነጽሩ ወደቀበት።

"ከፋሲካ በኋላ ነይ" አላት። "ይችን የበሬዋን ነው የምፈልግ።"

"ሳጥን ውስጥ ነው የሚያስገቡኝ አሉ፤ እውነት ነው?"

"መልክሽና ድምፅሽ ብቻ ነው የሚገባ።"

"እንግዲያስ ሌላው ሰውነቴ እዚሁ ይቅርና ለወይዘሮ ሸጋዬ ጠጅ ይቅዳላቸው" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሰች ሌላ ወሬ አልነበራትም። ባቄላ እየለቀመች፣ ልብስ እያጠበች፣ የበሬውን ጨዋታ ታሳምራለች። እኔን ወይኖ አድርጋ ታቆመኛለች።

ጾሙ እንደገባ ዳኘው በሬዎቹን ለእናቱ ትቶ ጥጥ ሊለቅም ቆላ ወረደ። እዚያ ንዳድ ያዘው፣ ሞተ። ቆላ ሬሳ ስለማይቆይ አብረውት የነበሩት እዚያው ቀበሩት።

በእኛ አገር መርዶ የሚነገር ማለዳ ነው። ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስበው ሄደው እማሆይን ከበራቸው ጠሩ። እማሆይ ወጥተው ሰሙና፣

"ሬሳውን ያየ ማነው?" አሉ።

ከመጡት መካከል ያየ አልነበረም።

"እንግዲያ ጡር ፍሩ። ልጀ ቆላ ነው ያለ። ዝናብ ሲጥል ይመጣል።" በሩን ዘጉት።

ነጠላቸውን አልዘቀዘቁም። ለቅሶ አልተቀመጡም። ለቅሶ ልድረስ ብሎ የመጣውን ሁሉ፣ "ማን ሞቶ?" ይሉታል። ቄሱ ፍትሐቱን ዝም ብለው አደረሱለት እንጅ ተዝካር የሚያወጣለት አልነበረም። አገሩ ግራ ተጋባ። እናት ያላለቀሰችለትን ጎረቤት እንዴት አድርጎ ያለቅሰዋል? ዳኘው ሞቷል እንዳይባል እማሆይ አይቀበሉም፤ አለ እንዳይባል የለም። ስሙ ሲነሣ ሰው ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀመረ። ከቆላው መውረጃ በኩል ሰው ብቅ ሲል ሁሉም ቀና እያለ ያያል፤ ይህን እኔም አድርጌዋለሁ።

ካሰች ይህን ስትሰማ የበሬውን ጨዋታ አቆመች። ጠጅ ቤት "ዳኘውን! ዳኘውን!" ሲሏት ሌላ ታመጣለች። ለእኔ ግን እንዲህ አለችኝ፤

"ሀብትነሽ፣ የሰው ድምፅ ብድር ነው። ተጫውቸ ስጨርስ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ሲሄድም ይታወቀኛል። አሁን የዳኘው ወዴት ነው የሚመለስ?"

ፋሲካ አለፈና የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። እማሆይ ወለተ ሐና ከቡሬ በጭነት መኪና ተጭነው ከቤታችን መጡ። መደቡ ላይ ተቀመጡ። የቀረበላቸውን ውኃ አልቀመሱም።

"በሬዎቹ አልነሣም አሉ" አሉ።

ክንዱ የሚባል ጎረቤታቸው ሊያርስላቸው ጠምዶ ነበር። ወይኖ ገና አንድ ትልም ሳይወጣ ተኛ፤ ዳልቻም አብሮት ተኛ። ተገረፉ፣ ተጎተቱ፣ አልሆነም። ሐዘን የተቀመጠ ቤት ሲሆን እርሻውን ጎረቤቱ በየራሱ በሬ ወጥቶ ያርስለታል፤ የአገራችን ወግ ነው። እማሆይ ግን ሐዘን አልተቀመጡም። ልጀ ይመጣል ላለ ቤት ማን በሬውን ጠምዶ ይሄዳል? የሟች ባላቸው የወንድም ልጅ ደግሞ በየቀኑ መጥቶ ከድንበሩ ይቆማል። መሬቱ ጦም ካደረ ርስቱን ልካፈል ሊል ነው።

"የልጀን ድምፅ ታውቂዋለሽ አሉኝ። እስኪመጣ አበድሪኝ። በሬዎቹን ጥሪልኝ።"

የካሰች ፊት ጠቆረ። "እማሆይ፣ እኔ እኮ ለሳቅ ነው የማደርገው።"

"ሰምቻለሁ። እኔ ለሳቅ አልፈልገውም።"

"ኃጢአት ይሆንብኛል እማሆይ። ሙት መጥራት ነው።"

"ሙቱ ማነው?" አሉ፤ ዓይን ዓይኗን እያዩ።

ካሰች ብድግ አለች። ነጠላዋን አንሥታ ተከተለቻቸው። እኔም አብሬ ሄድሁ።

በእኛ አገር ሴት እርፍ አትይዝም። ስለዚህ ክንዱ ሊጨብጥ፣ ካሰች ከጎኑ እየሄደች ልትጠራ ሆነ። በሬዎቹ ቀንበሩን እንደተሸከሙ ተኝተዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ከዳር ቆሟል። ካሰች ወደ በሬዎቹ ቀረበች።

"ና ወይኖ! ወይኖ ጌታየ!"

ያን ድምፅ ጠጅ ቤት ብዙ ጊዜ ሰምቸዋለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ሰምቸው አላውቅም። ጠጅ ቤት ስትለው ከሥሩ የካሰች ሳቅ ይሰማል። ያን ቀን ከሥሩ ካሰች አልነበረችም።

ወይኖ ጆሮውን አቆመ። አንገቱን አዞረ። ያየው ካሰችን አይደለም፤ ከእሷ ኋላ፣ ወደ ቆላው መውረጃ ነው ያየ። ከዚያ ተነሣ። ዳልቻም ተነሣ። ከኋላየ አንዲት ሴት "በስመ አብ!" ስትል ሰማሁ። ክንዱ ደንግጦ እርፉን ለቆት ነበር።

"ያዝ እንጅ አንተ!" ብሎ ጮኸበት የዳኘው ድምፅ።

ያዘ። እስከ ቀትር አረሱ። ካሰች የምትለው ያንኑ የጠጅ ቤቱን ጨዋታ ነው፤ "ዳልቻ አትስማኝ፣ አንተማ የእኔ ነህ" ትላለች። ሰው ከመደብ የሚጥለው ቃል ማሳው ላይ የአንድ ሰው ጥርስ አላስገለጠም። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ጸሎት ላይ እንዳለ ሰው ቆመዋል።

ቀትር ላይ እማሆይ ምሳ ይዘው መጡና ከማሳው ዳር ተቀመጡ።

"ዳኘው!" ብለው ተጣሩ። "ና ልጀ፣ ብላ!"

ካሰች ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። እኔ በልቤ አትመልሽ፣ አትመልሽ እላለሁ።

"ይችን ትልም ልጨርስ እማ" አለች በዳኘው ድምፅ።

እማሆይ ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ። "አየሽ፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለኝ።"

ልንሄድ ስንነሣ የካሰችን ክንድ ያዙ። "ልጀ፣ በዚህ ድምፅ ከእንግዲህ ሰው አታስቂበት። በሬ ያውቃል። አንድ ጊዜ ከተሳቀበት ለእርሻ አይነሡለትም። መሬቴን ይወስዱብኛል። እሱም ሲመጣ ምን ላይ ይቆማል? በይ፣ በማርያም በይኝ።"

"በማርያም" አለች ካሰች።

ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስን። አቶ ክንፈሚካኤል የሚፈልጋት በዚያው በበሬው ጨዋታ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ግንቦት ላይ አዲስ አበባ አብሬያት ወረድሁ። ሴት ልጅ ብቻዋን አትሄድም ብየ ነው። የቴሌቪዥኑ ቤት ቀዝቃዛ ነው፤ መብራቱ ግን ከላይ እንደ በጋ ፀሐይ ያቃጥላል። ጆሯቸው ላይ ነገር የደፉ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። የሚስቅ ተመልካች ያለ መስሎኝ ነበር፤ ማንም የለም።

"በይ፣ የበሬዋን" አላት አቶ ክንፈሚካኤል።

"የበሬዋ ታማለች ጌታየ። ሌላ ላምጣ።"

"አትቀልጅብኝ። ለእሷ ብየ ነው ያስመጣሁሽ። እሷ ከሌለች የጎጃም አውቶቡስ ጠዋት ይነሣል።"

ካሰች ወደ እኔ አየች። ጎጃም ድረስ ማን ይሰማል ብየ እኔም አስቤያለሁ። እሷ ግን ዞር ብላ መቅረጫውን መሣሪያ አየችው። እጅ ነሣች።

"እንደምን ዋልህ?" አለችው። ዝም። "እግዚአብሔር ይመስገን በል እንጅ! ልጆችህ ደኅና ናቸው? ከብቶችህስ? ዝናቡ እንዴት ነው ወደ እናንተ?" ዝም። ወደ እኛ ዞረች። "ኧረ ይኸ ሰውየ! እኛ አገር ሰላምታ የማይመልስ ወይ የተጣላ ነው ወይ የሞተ ነው።" ጆሮዋን ከመሣሪያው ደረት ላይ አስጠጋች። "ይተነፍሳል። እንግዲያ ተጣልተናል ማለት ነው።"

ከዚያ እሷው ሽማግሌ ሆና፣ ራሷን ከመሣሪያው ልታስታርቅ ተቀመጠች። "አንተም ተው፣ አንችም ተይ። እሱ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው፤ ግማሽሽን ነው ያየሽ። የቀረው ግማሽ ይቅር ይበለው!" ከመሣሪያው ኋላ የቆመው ሰው ሆዱን ይዞ ቁጭ አለ። አቶ ክንፈሚካኤል አኩርፎ ቆይቶ እሱም መነጽሩን አወለቀ።

ተቀበሏት። እኔ ተመለስሁ፣ እሷ እዚያው ቀረች። ዓመት ሳይሞላት እንግዳ እያስቀመጠች የምታጫውትበት የራሷ ሰዓት ተሰጣት። "ሴት ብቻዋን ቆማ በወሬ ስታስቅ ከእሷ በፊት አላየንም" ይሏታል አሉ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሁሉ ስሟን ያነሣልን ነበር። ጫማዋ ተረከዝ አወጣ።

ግን በየዓመቱ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ "አሞኛል" ብላ ከሥራዋ ትቀርና ቡሬ ትወርዳለች። ጫማዋን ከእኔ ቤት ታወልቃለች። እማሆይ ማሳ ላይ ወይኖንና ዳልቻን ትጠራለች። እማሆይ ምሳ ይዘው ይመጣሉ፣ "ና ልጀ ብላ" ይላሉ፣ "ይችን ትልም ልጨርስ እማ" ይባላሉ። ያ የወንድም ልጅ ከድንበሩ አይቶ ይመለሳል።

አንድ ዓመት ጅራፍ ጠፋ። ሲፈለግ ካሰች በዚያው ድምፅ፣ "ከጎታው ኋላ ነው ያስቀመጥሁት እማ" አለች። እማሆይ ሄደው ከዚያው ይዘውት መጡ። እኔ ካሰችን ወደ ጥግ ወስጄ፣

"በምን አወቅሽ?" አልኋት።

"አላውቅም። ምናልባት ስገባ አይቸው ይሆናል።" ወደ እማሆይ ዞር ብላ አየች። "ሀብትነሽ፣ አሁን አሁን የምናገረው እኔ አይመስለኝም ብልሽስ?"

በአራተኛው ዓመት ቀድማ መጣች፤ ዝናብ ሳይጥል። ከስታለች። ጫማዋን አላወለቀችም፤ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። የሆነውን ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ።

አንድ ወፍራም ነጋዴ እንግዳዋ ሆኖ ሲያወሩ፣ ከላይ ያለው አምፖል ፈነዳ። ነጋዴው ከጠረጴዛው ሥር ገባ። እሷ ብድግ አለችና በዳኘው ድምፅ፣ "ቁም ወይኖ! ቁም ጌታየ! አለሁ!" ብላ ጮኸች። ያን ሰዓት የሚያየው ሁሉ አይቷታል። በሠራችበት ዘመን ሁሉ እንዲያ የተሳቀላት ቀን የለም። በማግስቱ መንገድ ላይ ልጅ አዋቂው፣ "ቁም ወይኖ! አለሁ!" ይላታል። አቶ ክንፈሚካኤልም፣ "ይኸው! ይኸን ሁሉ ዓመት ስለምንሽ የነበረ!" አላት።

"እኔ አልነበርሁም ያልሁት" አለችኝ። "ከአፌ ውስጥ ቀደመኝ። ማርያምን፣ ቀደመኝ።"

"እማሆይ በምን ያውቃሉ? እዚህ ያየ የለም።"

"በሬዎቹስ?"

ዝናቡ ጣለ። ሄድን። ክንዱ ጠምዶ ጠብቆናል። ወይኖና ዳልቻ ከትልሙ ላይ ተኝተዋል፤ አርጅተዋል፣ የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል። ያ የወንድም ልጅ ከድንበሩ ቆሟል። ካሰች ጠራች።

"ና ወይኖ! ወይኖ ጌታየ!"

ድምፁ ያው ነው። አንድም የጎደለው የለም። ወይኖ ጆሮውን እንኳ አላቆመም። ደግማ ጠራች። ለዳልቻ በጆሮው ሹክ አለችው። ለመነች። ተቆጣች። ድምጿ እስኪሰነጠቅ ጠራች። በሬዎቹ ያመነዥካሉ።

"አርጅተው ነው እማሆይ" አለ ክንዱ። "ሌላ ነገር አይደለም።"

እማሆይ ከዳር ተነሥተው በትራቸውን ተመርኩዘው ማሳውን አቋርጠው መጡ።

"ተሳቀበት?" አሉ።

ካሰች አንገቷን ደፋች። "አዎ፣ እማሆይ።"

"ማን ሳቀ?"

"አገር ሁሉ። የማላውቀው ሰው ሁሉ።"

"ምን ብሎ ነው ያሳቃቸው?"

"'አለሁ' ብሎ።"

እማሆይ ቀና አሉ። ወደ ቆላው መውረጃ አዩ። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም።

"እኔ እኮ ያን ጨዋታሽን ሰምቸው አላውቅም" አሉ። "ከገበያ ሲመጣ፣ 'እማ፣ ካሰች ያደረገችኝን ብታይ' ይለኛል። ሊነግረኝ ይጀምርና ሳቁ አላስጨርስ ይለዋል። አንድ ቀን እንኳ አልጨረሰልኝም።" ከትልሙ ጫፍ ቁጭ አሉ። "በይ አንች ጨርሽልኝ። እንደ ጠጅ ቤቱ አድርገሽ።"

"እማሆይ..."

"በይ አልሁሽ።"

ካሰች ወደ እኔ አየች። ጋቢ ከክንዱ ተቀብላ እንደ ወንድ አሸረጠች። ጀመረች። መጀመሪያ ቃሉ አልወጣላትም። ቀስ በቀስ ግን ያ የጠጅ ቤቱ ነገር ተመለሰ፤ ከሥሩ የካሰች ሳቅ ሲመጣ ሰማሁት። ወይኖን አባበለች፣ ለዳልቻ አማችው፣ ዋሸች፣ ተያዘች። "ስለ ዝናቡ ነው የምናወራ!" ስትል እማሆይ እጃቸውን ከአፋቸው ላይ አደረጉ። እርፉን ጥላ፣ "እሽ! እኔ ልሳብ፣ እናንተ ጨብጡ!" ስትል ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ።

"እሱ ነው!" አሉ ጉልበታቸውን እየመቱ። "እሱው ነው! እንዲሁ ነው የሚል!"

ሳቃቸው ሲጀምር ወፍራም ነበር። እየቀጠነ፣ እየቀጠነ እንደ ዋሽንት ሆነ። ከዚያ ሳቅ መሆኑ ቀረ።

"ልጀን!" አሉ። ነጠላቸውን ፈተው ዘቀዘቁት። "ዳኘው ሞተብኝ! ልጀ ሞተብኝ ጎረቤት!"

ኡኡታው ተሻግሮ ከማዶው ተሰማ። ከየማሳው ወንዱ እርፉን እየለቀቀ፣ ሴቱ ነጠላውን መንገድ ላይ እየዘቀዘቀ ሮጦ መጣ። "ማን ሞተ? ማን ሞተ?" ይላሉ። ክንዱ ቆሞ ለመጣው ሁሉ፣ "ዳኘው" ይላል። የሞተው ድሮ አይደለም እንዴ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። መጥተው ተቀመጡ። አዲስ ለቅሶ ሆነ። ያ የወንድም ልጅም ድንበሩን ተሻግሮ መጣና ከወንዶቹ መካከል ተቀመጠ።

ሐዘኑ ላይ ሳሉ ጎረቤቱ በወጉ በየራሱ በሬ ወጣ፤ የእማሆይ ማሳ ታርሶ አደረ። መሬቱንም የነካባቸው የለም። ወይኖና ዳልቻ ተፈትተው ከዛፉ ጥላ ቆመው ነበር። ዳልቻ ይግጣል። ወይኖ አይግጥም፤ ፊቱን ወደ ቆላው መውረጃ አድርጎ ቆሟል።

ካሰችን ወደ አውቶቡሱ ስሸኛት ጠየቅኋት።

"አሁንስ ድምፁ ሄደልሽ?"

ሻንጣዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

"ከዚያ ወዲህ አልጠራሁትም" አለች። "ቢመልስልኝስ?"